ያላስፈሰስኩት ጆንያ

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ያስጫንኩትን ሽንኩርት አዲስ አበባ ላይ ሳያፈስሱ ተረከቡት። ሾፌሩ ደወለና፣ «እትዬ ይመኙ፣ አላፈሰሱትም፤ እንዳለ ነው የወሰዱት» አለኝ። ያን ቃል ለመስማት ብዙ ዓመት ጠብቄአለሁ። «ተመስገን» አልኩና እንዴት እንዳመኑን ጠየቅሁት። ልጁ ሳቀ።

«ማን አመነ እትዬ? ዛሬ የሚያፈስ የለም። የሚበሰብሰውን አስቀድመው ከዋጋው ላይ ቀንሰውታል።»

ስልኩን ዘጋሁ። በማግስቱ ወልድያ ያለውን የመጋዘን ቁልፍ አስረክቤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ጉልበቴ ደክሞ ነበር፤ ያስወጣኝ ግን ጉልበቴ ብቻ አይደለም። ሥራው እኔ የማውቀው ሥራ መሆኑ ቀርቷል። አሁን ገበሬው ማሳው ላይ ቆሞ ሽንኩርቱን በስልኩ ፎቶ ያነሣል፤ ደላላው ለነጋዴው ይልከዋል፤ ነጋዴውም ከተማ ተቀምጦ ዋጋ ይቆርጣል። በመካከል ጆንያ የሚነካ እጅ የለም። እኔ ደግሞ ልጆቼን ያሳደግሁት ጆንያ በመንካት ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ። መርሳ ላይ የሽንኩርትና የፍራፍሬ መጋዘን ነበራቸው። ባለቤቴ ሞቶ ከሦስት ልጆች ጋር ስቀር፣ አንዲት ጎረቤቴ ይዛኝ ሄዳ ደጃፋቸው ላይ አቆመችኝ። መጋዘን ልጠርግ ነበር የሄድኩት። ጋሽ እንድሪስ ምን ታውቂያለሽ አላሉኝም። ከክምሩ ሁለት ሽንኩርት አንሥተው ሰጡኝና፣ «ለልጆችሽ ወጥ የምትሠሪው በየትኛው ነው?» አሉኝ። አንዱ ትልቅ፣ ልጡ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ሌላው ትንሽና መልኩ ደብዘዝ ያለ። አንገታቸውን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግሁት። የትልቁ አንገት ለስላሳ ነበር። ትንሹን መለስኩላቸው። «ነገ ነይ» አሉኝ። በቃ፣ በዚያው ቀረሁ።

ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። እሳቸው ሙስሊም ነበሩ፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ወር በገባ በሃያ አንድ፣ «ዛሬ ማርያም ናት፤ ሳታስቀድሺ እንዳትመጪ» ይሉኝ ነበር። በረመዳን እኔም እሳቸው ባሉበት ውሃ አልጠጣም። ማናችንም ማንንም አላዘዝንም። ካንዱ ልጄ በቀር ሁሉም የተማሩት በዚያ መጋዘን ነው፤ አንዱም ቢሆን ያልተማረው እኔ አጥቼ አይደለም፣ እሱ አልወድም ብሎ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ጨርሼ የማልጨርሰው ነገር ነው።

አሁን ስለ ሥራው ልናገር። በእኛ አካባቢ ሽንኩርት የሚሸጠው ጆንያ ውስጥ ታስሮ ነው። ገዢ የሚያየው በአፉ በኩል ያለውን ብቻ ነው፤ ሻጭ ደግሞ ያማረውን ከላይ ያደርጋል። ከሥር ያለው ደረቅ ይሁን የበሰበሰ፣ ወይም አፈርና ድንጋይ ይሁን፣ የሚያውቀው ሻጩና እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ ገዢው ጆንያዎቹን ዞር ዞር ብሎ ያይና በመጨረሻ ከሁለት አንዱን ቃል ይናገራል፤ «ይጫን» ይላል ወይም «ይፍሰስ» ይላል። ይፍሰስ ካለ ራሱ የመረጠው ጆንያ ሸራ ላይ ይዘረገፋል። መጥፎ ከወጣ ሻጩ ዕቃውን ይዞ ይመለሳል፤ ወሬውም ቀድሞት ገበያውን ይዞራል። ጥሩ ከወጣ ግን የፈሰሰ የገዢው ነው። ሙሉ ዋጋውን ይከፍላል፣ ላስፈሰሰበት የተለመደችውን ካሳ ይጨምራል፣ በሰው ፊትም ይቅርታ ይጠይቃል። የተላላጠ ሽንኩርት መንገድ ስለማይችል ለቤቱ ይወስደዋል፣ አለዚያ ለችግረኛ ይሰጠዋል።

ካሳዋ ለሁሉም አንድ ናት። ሻጩ ሀብታም ቢሆን አትጨምርም፣ ድሃ ቢሆን አትቀንስም። በአንድ ጭነት ላይ ከሦስት ጆንያ በላይ ማስፈሰስ ደግሞ ነውር ነው። ሕጉ ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው ያለውን ይዞ ነው የሚናገር ወይስ በባዶው እየደፈረኝ ነው?

እኔ መጀመሪያ ላይ መልሱን ከሰው ፊት ላይ እፈልግ ነበር። ዓይኑን ከሰበረ፣ ላብ ካጠመቀው፣ ወሬ ካበዛ እጠረጥራለሁ። ጋሽ እንድሪስ ይስቁብኝ ነበር። «ፊትም ጆንያ ነው ልጄ» ይሉኛል፤ «ያማረው ከላይ ይደረጋል።»

የእሳቸው ልማድ ሌላ ነበር። ገበያ ሲደርሱ ሰላምታ ሰጥተው ከጆንያዎቹ በአንዱ ላይ ይቀመጣሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ እየጠየቁ ጥቂት ይቆዩና ወገቤን አመመኝ ብለው ወደ ሌላው ጆንያ ይዘዋወራሉ። ሰው ሽማግሌ ማረፊያ ፈልጎ ይመስለዋል። እሳቸው ግን የሚያዩት በመቀመጥ ነው። ደረቅ ሽንኩርት ሲቀመጡበት ይንኮሻኮሻል፣ አልመች ይላል። ውሃ የያዘ ሽንኩርት ዝም ይላል፣ ይመቻል፣ ቅዝቃዜውም በልብስ ያልፋል። ከዚያ እጃቸውን ከጆንያው ሥር ሰደድ አድርገው ያወጡትና ጺማቸውን የሚያሻሹ መስለው ያሸቱታል። ይህን ሁሉ ጨርሰው ቃሉን ሊናገሩ ሲሉ ለሻጩ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። እንደ ንቀት የሚቆጥርባቸው ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ፊቱን ካየሁ እራራለሁ ወይም እናደዳለሁ» አሉኝ። «ሁለቱም ሽንኩርት አይደሉም።»

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው የሐራ ገበያውን ቀን ነው። አንዲት ኮስታራ ሴትዮ መኪና ሙሉ የሚሆን ጭነት አቅርበው ነበር። ጋሽ እንድሪስ ተቀመጡ፣ ተዘዋወሩ፣ ጀርባቸውን ሰጡና «ይፍሰስ» አሉ። ጆንያው ተዘረገፈ። እንደ እንቁላል የተመረጠ ሽንኩርት ነው። ሴትየዋ ወገባቸውን ይዘው፣ «ሆድህን እንደ ጆንያዬ ይዘርግፈው» ብለው ረገሟቸው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብለው፣ «አሜን እንዳልል ሆዴ ነው፤ ይቅር በይኝ እንጂ» አሏቸው። ካሳዋን ከፈሉ፣ ጭነቱን ገዙ፣ የፈሰሰውን ይዘን መርሳ ገባን።

መንገድ ላይ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ከሰርን» አልኳቸው።

«የከሰርነው አንድ ጆንያ ነው። ልንወስድ የነበረው መኪና ሙሉ ነው። ዛሬ ተሳሳትኩ ብዬ ነገ ማስፈሰስ ከፈራሁ ያኔ ነው የምከስረው። ብዙ ጊዜ ታስፈስሻለሽ፣ ጥሩ ይወጣል። ይውጣ። ሲፈስ የሚጠፋው ልኩ ይታወቃል። ሳይፈስ የሚጠፋው ልክ የለውም። ሰውየውን አትመዝኚ፤ እነዚህን ሁለቱን መዝኚ።»

በሌላ ቀን ደግሞ አንዲት ባሏ የሞተባት ወጣት አራት ጆንያ ይዛ መጣች። ጋሽ እንድሪስ አንዱ ላይ ተቀመጡና ወዲያው ተነሡ። እኔም ተቀመጥኩበት፤ ይመቻል፤ ዝም ያለ ጆንያ ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው። «ይጫን» አሉ። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ለብቻችን ሆነን ምክንያቱን ጠየቅሁ። «ብታታልለንም የምታታልለን በአራት ጆንያ ነው። ለዚህ ሸራ አይዘረጋም» አሉኝ። እኔ ያየሁት እንባ ያቀረረ ዓይኗን ነበርና ነገሩ ሁሉ ርኅራኄ መሰለኝ። ርኅራኄም ነበረበት፤ ሒሳብም ነበረበት። እኔ አንዱን ብቻ ይዤ ቀረሁ። ይህ ነገር ኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ጋሽ እንድሪስ መጋዘኑን ወደ ወልድያ ሲያዛውሩት እኔን ግራና ላይ ገዢ አድርገው አስቀመጡኝ። ሴት ገዢ አልተለመደም ነበር። በመጀመሪያው ገበያ አንድ ሻጭ፣ «ልትገዢ ነው ልትከትፊ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። የእሱ ጆንያ ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ተነሥቼ ጀርባዬን ሰጠሁትና «ይፍሰስ» አልኩ። ከግማሽ በታች ያለው ጭቃና የበሰበሰ ነበር። አንዱ ተሸካሚ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይህስ ለመክተፍም አይሆን» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ መክተፍ ያነሣብኝ የለም።

በዚህ መካከል ጋሽ እንድሪስ አረጁ። ዓይናቸው ደከመ። ሥራውን ለልጃቸው ለሰይድ ሊያስረክቡ ቆረጡ። አዲስ አበባ ያለው ትልቁ ደንበኛቸው የእሳቸውን ጭነት ሳያስፈስስ ነበር የሚረከበው። የእንድሪስ ነው ከተባለ ይራገፋል፤ ሸራ አይዘረጋም። ከእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ጭነት የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ቤትም መጋዘንም ለሰይድ አወርሳለሁ» አሉኝ አንድ ቀን፤ «እነዚህን ሁሉም አባት ያወርሳል። ሳይፈስ የሚወርድ ጭነት ባወርሰው ነው ደስ የሚለኝ።» በእሳቸው ስም የሚሄደው የመጨረሻ ጭነት ከግራና እንዲሆን ተወሰነ። ግዢውን ለእኔ ተዉት። ጠዋት ደውለው ያሉኝ፣ «በሰላም ጫኚ» ብቻ ነው።

ግራና ላይ ሞላ የሚባል ገበሬ ነበር፤ አሁንም አለ። ሚስቱ አስናቀች የማኅበር ጓደኛዬ ናት። ሴት ልጃቸውን ትርንጎን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከሞላ ጋር አበልጅ ነን። አበልጅ በእኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ አያንስም። ደጅ የሚከለከል፣ ቃሉ የሚመረመር ሰው አይደለም። የዚያን ቀን ከመኪናው ጭነት የሚበዛው የሞላ ነበር።

እንደ ልማዴ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጆንያ ተንኮሻኮሸ። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሦስተኛው ዝም አለ። ቅዝቃዜው በቀሚሴ አልፎ ተሰማኝ። እጄን ከሥሩ ሰደድኩና አሸተትኩ። ትንሽ ሽታ አለው፤ ግን ጠዋት ነውና ጤዛ ሊሆን ይችላል። ሽንኩርት ከመነቀሉ በፊት ውሃ ሊቋረጥበትና አንገቱ ሊደርቅ ይገባል፤ አለዚያ ጆንያ ውስጥ ይፈላል። «ሞላ፣ ውሃ መቼ አቆምክ?» አልኩት።

«በጊዜው ነዋ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ተራ የሚጠብቁት ሻጮች እንዲሰሙ። «ምነው አበልጅ፣ ተጠራጠርሽ? አስፈስሺው። ደስ ያለሽን ጠቁሚ። ከፈለግሽ ሦስቱንም። የትርንጎ ክርስትና እናት የአባቷን ጆንያ ስትዘረግፍ ሰው ይይ።»

ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላ፣ «እሷ እንደሆነ ታስፈስሳለች፤ የእንድሪስ እጅ ናት» አለ። ሌላው ቀጠለና፣ «ታዲያ ማኅበሩን ደግሞ ከማን ጋር ልትጠጣ ነው?» አለ። እንደገና ተሳቀ።

ያን ጊዜ ጀርባዬን መስጠት ነበረብኝ። አልሰጠሁም። ፊቱን አየሁት። ፈገግ ብሏል፣ ዓይኑን አልሰበረም። የሚደብቀው ያለው ሰው እንዲህ አይደፍርም ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ትርንጎ ትዝ አለችኝ። ቀጥሎ እሑድ ማኅበር ላይ ከአስናቀች ጎን የምቀመጠው ነገር ታሰበኝ። በመጨረሻ ያቺ ባለ አራት ጆንያ ሴት ትዝ አለችኝና፣ ጋሽ እንድሪስስ ራርተው የለም ወይ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አራት ጆንያና መኪና ሙሉ አንድ እንዳልሆነ ያን ሰዓት አልታየኝም። ቢፈስ የሚጠፋው አንድ ጆንያና የአንድ ሰው ቅሬታ ነበር። ባይፈስ የሚጠፋው የጋሽ እንድሪስ ዕድሜ ነበር።

«ይጫን» አልኩ።

ሞላ ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ጎንበስ አለና የታሰረውን የጆንያ አፍ እንደገና ማሰር ጀመረ። ያን ጊዜ አወቅሁ። ቃሉ ግን ከአፌ ወጥቷል፤ ተሸካሚዎቹም ማንሣት ጀምረዋል። በአንድ ገበያ ላይ ቃል መልሶ ማጠፍ እኔ ያላደግሁበት ነገር ነው። ጭነቱ ወጣ።

ከሄደ በሁለተኛው ቀን ሾፌሩ ወልድያ ተመልሶ መጋዘን ገባ። እኔም ከግራና መጥቼ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ባዶ ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ነገራቸው። ሲራገፍ ከመኪናው ወለል ውሃ ተንጠባጠበ። ደንበኛው አንድ አስፈሰሰ፤ ሁለት አስፈሰሰ፤ ከዚያ ሦስት ብሎ አላቆመም። የሞላንም የሌላውንም፣ ደረቁንም እርጥቡንም፣ መኪና ሙሉውን መሬት ላይ ዘረገፈው። ሰው ተሰብስቦ ያይ ነበር አለ።

«ሁሉንም አፈሰሱት?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ሁሉንም፣ ጋሼ።»

ሾፌሩን «ሂድ እረፍ» አሉት። እኔ ቆሜ የሆነውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሦስተኛው ጆንያ ዝም ማለቱን፣ ቅዝቃዜውን፣ ሽታውን፣ ሞላ ያለውን፣ ሰው መሳቁን።

«እንግዲያው ጆንያው ነግሮሻል» አሉኝ።

«ነግሮኛል።»

«የሰውየውን ፊት አይተሽ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

በደከመ ዓይናቸው ወደ እኔ አቅጣጫ ቀና አሉ። «አይደለም» አሉኝ። «ያየሽው የራስሽን ፊት ነው።»

ተነሥተው ውዱእ አደረጉና ሶላታቸውን ሰገዱ። ኪሳራውን እሳቸው ተሸከሙት፤ ሞላንም አልከሰሱትም፤ ከእኔም ደመወዝ ሳንቲም አልቆረጡም።

ያሳዘነኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። በሚቀጥለው ጭነት ራሳቸው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው አዲስ አበባ ሄዱ። ያን የሚያህል መንገድ ከሄዱ ብዙ ዘመናቸው ነበር። ሾፌሩ እንደነገረኝ፣ መኪናው እንደቆመ ደንበኛው አፉን ሳይከፍት፣ እሳቸው በምርኩዛቸው ሦስት ጆንያ ጠቆሙና «ይፍሰስ» አሉ፤ በራሳቸው ዕቃ ላይ። ሦስቱም ተዘረገፉ። ደረቅ ሽንኩርት ነበር። ደንበኛው አፈረና ይቅርታ ጠየቃቸው። ከዚያ ወዲያ ግን ሸራው መነጠፉን አላቆመም። የጭነታችን መኪና ሲደርስ አስቀድሞ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ሰይድ ከአባቱ የወረሰው ቤትና መጋዘኑን ብቻ ሆነ።

ግዢውን ትቼ መጋዘን ውስጥ ወደ ሽንኩርት ለቀማ ልመለስ ብዬ ለመንኳቸው። «ግራና ገበያ መቼ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ሂጂ፣ ግዢ» አሉኝ። ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዬን ሳልሰጥ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ብዙ አስፈሰስኩ፤ ብዙ ጊዜም ጥሩ እየወጣ ካሳ ከፈልኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ተረገምኩ። ይሁን።

ለንስሐ አባቴም ነገሩን አንሥቼላቸው ነበር። ለአበልጄ ራርቼ የሌላ ሰው ስም አስጠፋሁ አልኳቸው። «ርኅራኄ ከነበረ ለምን ያስለቅስሻል?» አሉኝ።

ሞላ ከዚያ ወዲህ ለእኛ መጋዘን ሽንኩርት አላመጣም። በደጄም በሸራዬም ፊት ለፊት ሲያልፍ ባርኔጣውን ያነሣል፤ በዓል ሲሆን ከአስናቀች ጋር ቤቴ ይመጣል፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ሽንኩርት የሚለው ቃል በመካከላችን አይነሣም። ጥል ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይገባበት ነበር። ጥል አልነበረም።

ጋሽ እንድሪስ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ወልድያና መርሳ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ነበር። መንገድ ተዘግቶ መጋዘኑ ባዶውን የከረመበት ክፉ ጊዜም መጣ፤ እግዚአብሔር አሳለፈን። ሰይድ ደግ አሠሪ ነው፤ እንደ እናቱ ነው የያዘኝ። እኔ ግን መኪና በወጣ ቁጥር ስልክ እጠብቅ ነበር። ሾፌሮቹ ያውቁልኛል፤ ገና ሰላም ሳልላቸው «አፍስሰዋል እትዬ» ይሉኛል። አንድ ቀን አላፈሰሱም እስኪሉኝ ጠበቅሁ። ያም ቀን ሲመጣ እንዴት ሆኖ እንደመጣ ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ።

ሥራ ባቆምኩ በሳምንቱ አንድ ባጃጅ ደጄ ላይ ቆመች። ከውስጧ ሞላ ወረደ። ሸብቷል። ትርንጎም አብራው አለች፤ እሷም ዛሬ የልጆች እናት ናት። ሁለቱ ተጋግዘው አንድ ጆንያ አወረዱ። ግቡ አልኩ። ሞላ አልገባም። ነጠላውን ከትከሻው አወረደና ግቢዬ መሬት ላይ አነጠፈው። ከዚያ የጆንያውን አፍ ፈትቶ ሳልለው፣ ሳልጠይቀው፣ ሽንኩርቱን በሙሉ ዘረገፈው። አንዳንዱ እየተንከባለለ እስከ ደረጃው መጣ።

«ያን ጊዜ ውሃ ተራዬ ዘግይቶ ነበር» አለ፣ ሽንኩርቱን እያየ። «በመነቀያው ሰሞን አጠጣሁት። እስኪራገፍ ድረስ ይቆያል ብዬ ነበር። እንደማታስፈስሺው አውቄ ነው አስፈስሺ ያልኩሽ።»

«አውቃለሁ ሞላ።»

«ብታስፈስሺው ኖሮ አንድ ገበያ አፍር ነበር፣ አበልጅ። ስላላስፈሰስሽው ዕድሜዬን ሙሉ አፈርኩ።»

ለካስ ራርቼለት መስሎኝ ከረምኩ እንጂ ለእሱም አልራራሁም። ትርንጎ አንዴ እኔን አንዴ አባቷን ታያለች። ጎንበስ ብዬ አንዱን ሽንኩርት አነሣሁና አንገቱን በአውራ ጣቴ ጫንኩት። ጠንካራ ነው።

ሞላ ነጠላውን ከሽንኩርቱ ሥር ስቦ ማጠፍ ሲጀምር፣ «መልሰህ ክተተው እንጂ፣ ለልጆቹ ይሆናል» አልኩት።

«የፈሰሰ የገዢው ነው» አለኝ። መጀመሪያ ትርንጎ ሳቀች፤ ከዚያ እኛም ሳቅን። ገብተው ቁርስ በሉ።

በነጋታው ግማሹን በባጃጅ ጭኜ ወደ ጋሽ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ አሉ፤ በጣም አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም አያይም፤ እጃቸው ግን ያያል። ሽንኩርቱን እግራቸው ሥር አኖርኩላቸው። ልጡ እዚህም እዚያም ተላልጧል። የሽንኩርት ነጋዴ ሚስት ናቸውና በዳበሳ አወቁት።

«የፈሰሰ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ የፈሰሰ ነው።»

«ማን አስፈሰሰው?»

«ማንም። ባለቤቱ ራሱ አፈሰሰው» አልኳቸው። ማንን ማለቴ እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ አልጠየቁኝምም። ጋሽ እንድሪስ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ከፊት ለፊታችን ባዶውን ነበር። ይህን አሥር ዓመት ቀድሞ ሞላ አድርጎት ቢሆን፣ ወይም እኔ አንዲት ቃል ቀድሜ ተናግሬ ቢሆን፣ እዚያ ተቀምጠው ይሰሙት ነበር።

እትዬ ዘሃራ አንዱን ሽንኩርት አነሡ። ባላቸው ያደርጉት እንደነበረው አንገቱን በአውራ ጣታቸው ጫኑት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፣ አሸተቱት።

«ደረቅ ነው» አሉ።